ምዕራፍ ስድስት፦ የተፈጥሮን መገጣጠሚያ ስለ ማዳን

ሰው በሁለት እግሩ ቀጥ ብሎ የሚሄድ ፍጥረት በመሆኑ፥ የላይኛው አካሉ ክብደት ሁሉ በወገቡ ግራና ቀኝ ባሉት በሁለቱ የዳሌ መገጣጠሚያዎች ላይ ይወርዳል። በአንድ እግሩ በቆመ ጊዜ ደግሞ አካሉ ወደ ጎን እንዳይወድቅ በዳሌው ጎን ያሉት ጡንቻዎች ተወጥረው ስለሚስቡ፥ መገጣጠሚያው የሚሸከመው ኃይል ከገዛ ክብደቱ ሁለት እጥፍ ተኩል እስከ ሦስት እጥፍ ይደርሳል፤ ስለዚህ 60 ኪሎ የምትመዝን ወጣት በእያንዳንዱ እርምጃዋ 150 ኪሎና ከዚያም የሚበልጥ ሸክም በአንዱ የጭን አጥንት ራስ ላይ ታሳርፋለች ማለት ነው። ይህን ሁሉ ሸክም ዕድሜ ልክ ያለ ሕመም ለመቻል የሚያበቃው የአጥንቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም፤ ክቡ የጭን አጥንት ራስ በዳሌ አጥንት ውስጥ በተቀረጸው ጎድጓዳ ስፍራ በሚገባ ተሸፍኖ መቀመጡ፥ በሁለቱም ገጽ ላይ የተነጠፈው ለስላሳ ልም አጥንትም ሸክሙን በሰፊው ተካፍሎ መያዙ ነው። ኃይሉ ያው ሆኖ ሳለ የሚያርፍበት ስፍራ ከጠበበ፥ በእያንዳንዷ ጠባብ ቦታ ላይ የሚወርደው ጫና ይበረታል፤ ልም አጥንት ደግሞ የደም ሥር የሌለው አካል ስለሆነ፥ አንድ ጊዜ ከተበላ በኋላ እንደ ቆዳና እንደ አጥንት ራሱን መልሶ አያበጅም።

ሐኪሞች ዲስፕሌዥያ ብለው የሚጠሩት የዳሌ ጉድለት መሠረቱ ይኸው የስፍራ መጥበብ ነው። ጎድጓዳው ጥልቀት ያንሰዋል፤ ጣራው፥ ማለት የላይኛው የጎድጓዳው ክፍል፥ አግድም ሆኖ የጭኑን ራስ በመሸፈን ፈንታ ወደ ውጭ ሽቅብ ይዘነበላል፤ የጭኑም ራስ ከፊሉ ከጣራው ጥላ ውጭ ይቀራል። አካል ጉድለቱን ለማካካስ የሚያደርገው ጥረት ግሩም ነው፤ በጎድጓዳው ከንፈር ዙሪያ ያለው ጅማታዊ ቀለበት ይወፍርና አጥንቱ ያልሸከመውን ሸክም ለመሸከም ይነሣል። ዳሩ ግን ቀለበቱ ለዚህ ሥራ የተፈጠረ አይደለምና፥ ብዙውን ጊዜ በሁለተኛው ወይም በሦስተኛው ዐሥር ዓመት የዕድሜ ክልል ውስጥ ይላላል፥ ይቀደዳልም፤ ያን ጊዜ ሕመም ይጀምራል።

ሕመሙ የሚሰማው ብዙ ሰው ዳሌ ብሎ በሚጠራው በጎን ወይም በመቀመጫ ላይ ሳይሆን በብሽሽት ውስጥ ነው። ረጅም መንገድ ከተሄደ በኋላ፥ ወይም ብዙ ሰዓት ተቀምጦ ሲነሡ፥ ጠልቆ የሚወጋ ሕመም ይመጣል፤ አንዳንድ ጊዜም መገጣጠሚያው እንደሚይዝና እንደሚንቋቋ ይሰማል፤ ሲመሽ ማነከስ ይታያል፥ ሲነጋ ይጠፋል። ጉድለቱ ከወንዶች ይልቅ በሴቶች ላይ አብዝቶ ስለሚገኝ፥ የዚህ ታሪክ ባለቤት በአብዛኛው ሃያኛ ዓመቷን የዘለለች፥ መልኳ ጤነኛ፥ አካሄዷም ለተላላ ተመልካች እንከን የሌለው ወጣት ናት። ስለዚህም ማንም አያምናት። አንዱ ወገብ ነው ይላታል፥ ሌላው የማሕፀን ሕመም ይሆናል ይላታል፥ ሦስተኛው ጡንቻ ነውና ዕረፊ ብሎ ማስታገሻ ይሰጣታል። በአገራችን የምትኖር ከሆነች ወጌሻ ዘንድ ትሄድ ይሆናል፤ ወጌሻ የወለቀን በመመለስ የተመሰገነ ባለሙያ ቢሆንም፥ በዚህ ላይ የሚመለስ የወለቀ ነገር የለምና እሽታው ሕመሙን ከማባባስ አልፎ የሚጠቅማት ነገር አይኖርም። እንዲህ ከአንዱ ወደ ሌላው ስትንከራተት ዓመታት ያልፋሉ፤ በዚህም ምዕራፍ ውስጥ አንባቢ እንዲይዝልኝ የምፈልገው ዋና ነገር ይህ የዓመታት ማለፍ ነው፤ ምክንያቱም ከዚህ በታች የምተርከው የቀዶ ሕክምና ጥበብ የሚረዳት ልም አጥንቷ ገና ሳይበላ የደረሰላት እንደሆነ ብቻ ነው።

ጉድለቱ ከየት ይመጣል ለሚለው ጥያቄ መልሱ አንድ አይደለም። በዘር ይወረዳል፤ በማሕፀን ውስጥ በመቀመጫቸው ዞረው የቆዩ ሕፃናትና የበኩር ልጆች የበለጠ ይጋለጣሉ፤ ከተወለዱም በኋላ አያያዛቸው ድርሻ አለው። በሰሜን አሜሪካ የናቫሆ ሕዝብ ሕፃናትን እግራቸውን አጋጥሞና ዘርግቶ በእንጨት አልጋ ላይ የማሰር ልማድ ስለነበረው፥ የዳሌ መውለቅ በመካከሉ እጅግ በዝቶ ይታይ ነበር። ጃፓኖችም ሕፃናትን እግር ዘርግቶ የመጠቅለልን ልማድ ከ1970ዎቹ እኩሌታ ጀምሮ (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሕዝብ ትምህርት ካስተዉ በኋላ የበሽታው መጠን በጣም ቀነሰ። በአንጻሩ ሕፃናት በእናታቸው ጀርባ ጭናቸውን ከፍተው በሚታዘሉባቸው ከሰሃራ በስተ ደቡብ ባሉት የአፍሪካ አገሮች በሽታው ብርቅ ነው፤ የእኛ እናቶች አንቀልባም የሕፃኑን ጭን ከፍቶ፥ ጉልበቱን አጥፎ፥ ክቡን ራስ ወደ ጎድጓዳው እየገፋ የሚይዝ ስለሆነ፥ የዘመኑ የሕፃናት አጥንት ሐኪሞች ትክክል ነው ብለው ከሚያስተምሩት አቀማመጥ ጋር አንድ ነው። ይህን የምለው የአያቶቻችንን ልማድ ሁሉ ጥበብ ነው ለማለት ሳይሆን፥ ይህኛው በእርግጥ ስለሆነ ነው። ይሁን እንጂ አንቀልባ ሁሉን አይከለክልም፤ በሕፃንነታቸው ተመርምረው ጤነኛ የተባሉ፥ ጉድለታቸው በዕድገት ዘመን ብቻ የተገለጠ ብዙ ወጣቶች አሉና።

ይህ ጉድለት በልኬት የታወቀው በ1939 ነው። ጉናር ዊበርግ የተባለ የስዊድን ሐኪም በራጅ ምስል ላይ ከጭኑ ራስ ማእከል አንድ መስመር ሽቅብ፥ ሌላም መስመር ከዚያው ማእከል እስከ ጣራው የውጭ ጠርዝ አሰመረና በሁለቱ መካከል ያለውን ማዕዘን ለካ። ማዕዘኑ ከ25 ዲግሪ በላይ የሆነ እንደሆነ ሽፋኑ በቂ ነው፤ ከ20 በታች የሆነ እንደሆነ ጉድለት አለ፤ በመካከሉ ያለው አጠራጣሪ ነው። ዊበርግ ከዚህም አልፎ፥ ማዕዘናቸው ያነሰ ሰዎች ዕድሜያቸው ሳይገፋ መገጣጠሚያቸው እንደሚበላ አሳየ። ልኬቱ ለመሥራት እርሳስና ማስመሪያ ብቻ የሚበቁት ሲሆን እስከ ዛሬ ድረስ የማንኛውም የዳሌ ሐኪም የመጀመሪያ ሥራ ነው።

በሽታው ከታወቀ ዘንድ ምን ይደረግ? ከ1962 ወዲህ፥ የእንግሊዙ ጆን ቻርንሌይ በራይቲንግተን ሆስፒታል የብረት ራስንና የፕላስቲክ ጎድጓዳን አጣምሮ ሰው ሠራሽ ዳሌ መትከል ከጀመረ በኋላ፥ ለአዛውንቶች የተከፈተው የምሕረት በር ስፋቱ ሊነገር አይችልም። ለሃያ አምስት ዓመት ወጣት ግን ነገሩ ሌላ ነው። በ2019 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የታተመው ሰፊ ጥናት እንዳሳየው፥ ከተተከሉት ሰው ሠራሽ ዳሌዎች መካከል 25 ዓመት የቆዩት ከመቶ 58 ያህሉ ናቸው። ለሰባ ዓመት ሰው ይህ ዕድሜ ልክ ነው፤ ለወጣቷ ግን የሁለተኛና የሦስተኛ ቀዶ ሕክምና ቀጠሮ ነው፤ የሚደገመውም ቀዶ ሕክምና ከፊተኛው ይልቅ የከበደ፥ የቀረውም አጥንት ከፊተኛው ይልቅ የሳሳ ይሆናል። ከዚህም በላይ በእርሷ አካል ውስጥ የተበላሸ ነገር ገና የለም፤ ልም አጥንቱ አለ፥ ራሱም ክብ ነው፤ የተሳሳተው አቀማመጡ ብቻ ነው። ጣራው በአንድ ወገን አጥሮ ዝናብ የሚያስገባ ቤት ያለው ሰው፥ ግድግዳውና መሠረቱ ደኅና ሆኖ ሳለ ቤቱን አፍርሶ በኪራይ ቤት አይገባም፤ ጣራውን አንሥቶ ያስተካክላል እንጂ። የአጥንት ሐኪሞች ለብዙ ዘመን የደከሙት ይህንኑ በዳሌ ላይ ለማድረግ ነበር።

ድካማቸውም በየተራው ፍሬ ሰጥቷል። በቪየና ካርል ኪያሪ ከጎድጓዳው በላይ ያለውን አጥንት ቈርጦ፥ የታችኛውን ክፍል ወደ ውስጥ ገፍቶ፥ በላይ የቀረውን አጥንት እንደ ጥላ ዘረጋው፤ ነገር ግን አዲሱ ጥላ እውነተኛ ልም አጥንት የለበሰ አልነበረም። በካናዳ ቶሮንቶ ሮበርት ሶልተር በ1957 በሕፃናት ላይ አንድ ቆረጣ ብቻ አድርጎ ጎድጓዳውን በሙሉ ወደ ፊትና ወደ ጎን አዘነበለ፤ ይህም የሆነው በሕፃን አካል ሁለቱ የዳሌ አጥንቶች በፊት በኩል የሚጋጠሙበት ስፍራ እንደ ማጠፊያ ስለሚታጠፍ ነው። አዋቂ ግን አጥንቱ ጠንክሯል፥ አይታጠፍም። ስለዚህ ሌሎች በሦስት ስፍራ ቈረጡ፤ የጃፓንና የጀርመን ሐኪሞችም ክብ መሮ አበጅተው ጎድጓዳውን ከዙሪያው አጥንት ፈልፍለው ለማዞር ሞከሩ። እያንዳንዱ ዘዴ ግን ወይ የዳሌን ቀለበት ፈጽሞ ይሰብራል፥ ወይ ተቈራጩን አጥንት በጅማት ታስሮ እንዳይዞር ያደርገዋል፥ ወይ ወደ መገጣጠሚያው በጣም ቀርቦ የደም መተላለፊያውን ያሰጋል።

በስዊዘርላንድ በርን ከተማ በሚገኘው ኢንዝልሽፒታል የሚሠራው ሬይንሆልድ ጋንዝ ይህን ሁሉ አጥንቶ፥ ከጓደኞቹ ጋር በሬሳ ላይ ደጋግሞ ከሞከረ በኋላ፥ በ1984 የመጀመሪያውን ሕመምተኛ በአዲስ ዘዴ ቀደደ፤ ዘዴውንም በ1988 አሳትሞ ለዓለም አስታወቀ። የጋንዝ ብልሃት የተመሠረተው ዳሌን እንደ አንድ ሙሉ ቀለበት በማየት ላይ ነው። በጎድጓዳው ኋላ፥ ከመቀመጫ አጥንት ተነሥቶ እስከ ጀርባ መጋጠሚያ ድረስ የሚወጣ፥ የአካልን ሸክም ከአከርካሪ ወደ ጭን የሚያስተላልፍ ወፍራም የአጥንት ዓምድ አለ፤ ይህ ዓምድ ሳይነካ ቢቀር፥ ጎድጓዳው በዙሪያው ተቈርጦ ቢፈታም ቀለበቱ ጸንቶ ይኖራል።

ሕመምተኛዋ በጀርባዋ ተንጋልላ፥ በማደንዘዣ ከተኛች በኋላ፥ ሐኪሙ በብሽሽቷ ፊት በኩል ቆዳውን ይከፍታል፤ በዳሌው ጎን ያሉትን፥ ስትሄድ አካሏን የሚደግፉትን ጡንቻዎች ከቦታቸው ሳያነሣ በመካከላቸው ያልፋል። የመጀመሪያው ቆረጣ ከጎድጓዳው በታች በመቀመጫ አጥንት ላይ የሚደረግ ሲሆን፥ አጥንቱ ፈጽሞ አይለያይም፤ የዚህ ቆረጣ አስቸጋሪነቱ በዓይን የማይታይ መሆኑ ነው፥ ሐኪሙ የተጣመመ መሮውን በእጁ ስሜትና በራጅ ምስል እየተመራ ይሰድዳል፤ ጥቂት ወደ ውጭ ቢሳሳት ታላቁን የእግር ነርቭ ያገኘዋል። ሁለተኛው በብሽሽት አጥንት ላይ ነው፥ እርሱ ፈጽሞ ይቈረጣል። ሦስተኛው ከጎድጓዳው በላይ በሰፊው የዳሌ ክንፍ ላይ በመጋዝ ይጀመራል። አራተኛውም ከዚያ ወደ ታች ታጥፎ፥ ከኋለኛው ዓምድ ፊት ለፊት፥ ዓምዱን በውፍረቱ ሳይነካ፥ ከመጀመሪያው ቆረጣ ጋር ይገናኛል። ይህ በተፈጸመ ጊዜ ጎድጓዳው ከነልም አጥንቱ፥ ከነጅማቱና ከነደም ሥሩ ነፃ ሆኖ በሐኪሙ እጅ ይዞራል።

ከመቍረጡ ይልቅ ማዞሩ ይበልጥ ብልኅነት ይጠይቃል። ሐኪሙ በተፈታው አጥንት ላይ አንድ ረጅም ብሎን እንደ እጀታ ተክሎ፥ አጥንቱን ወደ ውጭና ወደ ፊት ያዘነብላል፥ ጥቂትም ወደ ውስጥ ይገፋዋል፤ ከዚያም በራጅ ይመለከታል። ጣራው አግድም ሆኗልን? የጭኑ ራስ ወደ መካከል ገብቷልን? የፊትና የኋላ ግድግዳዎች ጠርዝ በምስሉ ላይ ሳይጣለፍ ቀርቷልን? ሦስቱም ጥያቄዎች እስኪመለሱ ድረስ ያርማል፥ ደግሞም ይመለከታል፤ ማዕዘኑን ጥሩ ለማድረግ ሲል ከመጠን ያለፈ ሽፋን ቢሰጥ፥ የጎድጓዳው ከንፈር ዳሌ በታጠፈ ቍጥር ከጭኑ አንገት ጋር እየተጋጨ አዲስ ሕመም ይወልዳልና። በመጨረሻ አጥንቱን በሦስት ወይም በአራት ብሎኖች ያጣብቀዋል።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፤ የከንፈርና የአንገት መጋጨት ራሱን የቻለ በሽታ መሆኑ ለዓለም የታወቀው ከዚህ ቀዶ ሕክምና የተነሣ ነው። ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ደኅና ሆነው ሳለ ብሽሽታቸውን የሚያማቸው ሰዎች ስለነበሩ፥ ጋንዝና ባልደረቦቹ ምክንያቱን ሲመረምሩ ግጭቱን አገኙ፤ በኋላም ዲስፕሌዥያ በሌለባቸው ወጣቶች ዘንድ ያው ግጭት የመገጣጠሚያ መበላት ምክንያት መሆኑን በ2003 ጻፉ። የገዛ ሥራውን ጉድለት ሳያድበሰብስ የመረመረ ሰው ከጉድለቱ ሁለተኛ ግኝት ማግኘቱ፥ በእኔ አስተያየት፥ ከቀዶ ሕክምናው ከራሱ ይልቅ የሚያስመሰግነው ነው።

ሕመምተኛዋ ከተነሣች በኋላ ስድስት እስከ ስምንት ሳምንት በሁለት ክራንች ትሄዳለች፤ በዚያ ዘመን የተቀደደውን እግር መሬት ታስነካለች እንጂ ክብደቷን አትጥልበትም። አጥንቱ በሦስት ወር ገደማ ይጋጠማል፤ ጡንቻው እስኪበረታ ግን ከስድስት ወር እስከ ዓመት ይወስዳል። ከጭኗ ፊትና ጎን ያለው ቆዳ ስሜቱ የሚደነዝዝባት ጊዜ ብዙ ነው፥ የማይመለስበትም ጊዜ አለ፤ ይህን አስቀድሞ የማይነግራት ሐኪም ልክ አላደረገም። የነርቭ መጎዳት፥ የደም መርጋት፥ አጥንቱም አለመጋጠም ከሚከሰቱት ከባድ ነገሮች ናቸው፤ ስለዚህ ሥራው ደጋግሞ ለሠራው ሐኪም ብቻ የተተወ እንጂ በዓመት አንድና ሁለት ጊዜ የሚሞከር አይደለም። ደግሞም ለብዙ ሴቶች የሚያሳስባቸው ጥያቄ መልስ አለው፦ ቀለበቱ ሳይፈርስ፥ የወሊድ መንገድ ቅርጽም ሳይለወጥ ስለሚቀር፥ ከዚህ ቀዶ ሕክምና በኋላ በተፈጥሮ መንገድ መውለድ ይቻላል።

ውጤቱስ? በርን የመጀመሪያዎቹን 75 ዳሌዎች፥ የ63 ሕመምተኞች ንብረት የሆኑትን፥ ሳይተው ተከታተለ። ከ20 ዓመት በኋላ ከመቶ 60 ያህሉ አልተለወጡም፥ በራሳቸው አጥንት ይሄዱ ነበር። በ30 ዓመት ግን የተቀመጠው መመዘኛ ጠንካራ ነበር፤ ሰው ሠራሽ ዳሌ አለመተከሉ ብቻ ሳይሆን መገጣጠሚያው አለመባሱና ሕመም አለመኖሩም ተቈጥሮ፥ መመዘኛውን ያለፉት ከመቶ 29 ሆኑ። እነዚህ ቍጥሮች ሲነበቡ መታወስ ያለበት፥ በመጀመሪያው ዘመን ከታከሙት መካከል መገጣጠሚያቸው አስቀድሞ የተበላ ጥቂት ያልሆኑ ሰዎች እንደ ነበሩና የግጭቱም ነገር ገና ያልታወቀ እንደ ነበር ነው። ውጤቱን ያከፉት ነገሮች በሁለቱም ጥናቶች ውስጥ በግልጽ ይታያሉ፦ ዕድሜው የገፋ፥ ልም አጥንቱ የተበላ፥ አስቀድሞ የሚያነክስ ሰው እጅግ ያነሰ ጥቅም ያገኛል። ለዚህም ነው ዛሬ ይህን ሥራ የሚሠሩ ሐኪሞች የዳሌ የዕድገት ልም አጥንት ከተዘጋ ወጣት ጀምረው፥ አብዛኛውን ጊዜ እስከ አርባ ዓመት ያለውን ሕመምተኛ የሚመርጡት፤ ራጁ ላይ የመገጣጠሚያው ክፍተት ከጠበበ ግን ቈርጦ ማዞር ዕድልን ማባከን ነው፥ ለእርሱ ሰው ሠራሽ ዳሌ የተሻለ ነው።

እንግዲህ የዚህ ሕክምና ዕጣ በአብዛኛው የሚወሰነው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን አስቀድሞ በምርመራ ክፍል ነው። ልጅዎ፥ እህትዎ፥ ወይም እርስዎ ራስዎ በብሽሽት ውስጥ የሚሰማ፥ በመንገድና በመቀመጥ የሚባባስ፥ ወር ያለፈውና በዕረፍት ያልተወ ሕመም ካለብዎት፥ ወገብ ነው ተብለው ከተሸኙም በኋላ ቢሆን፥ ቆመው የሚነሡት የዳሌ ራጅ እንዲታዘዝልዎትና የሽፋኑ ማዕዘን በዲግሪ ተለክቶ እንዲነገርዎት ይጠይቁ። ራጅ በማንኛውም ከፍ ያለ ሆስፒታል የሚገኝ፥ ዋጋውም ከዓመታት ማስታገሻ ዋጋ የሚያንስ ነው፤ ማዕዘኑ ከ20 በታች የሆነ እንደሆነም ጊዜ ሳይጠፋ የዳሌ መገጣጠሚያን የሚያውቅ የአጥንት ሐኪም ዘንድ ይሂዱ።